ጎግልን ከመውቀሳችን በፊት ሜኑአችንን እንይ

በአማርኛ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው የለመደው ብስጭት አለ። ስለ ፓስፖርት እድሳት፣ ስለ ንግድ ፈቃድ ወይም ስለ አንድ አዋጅ በአማርኛ ጽፎ ሲፈልግ፣ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ገጽ ወደ ኋላ ይቀርና ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ከአንድ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ጽሑፍ ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮ ቀድሞ ይመጣለታል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መረጃ በባለቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ በአማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚደርስበት ብቻ ጠፍቷል። ይህን ያስተዋለ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ጎግል ነው። ኩባንያው ለእንግሊዝኛ ያደላል፣ አማርኛ አይገባውም፣ ለእኛ ግድ የለውም ይባላል። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ከጥፋቱ ትልቁ ድርሻ ግን እኛው ዘንድ ነው ባይ ነኝ፤ ድረ ገጾቻችን አንባቢን ከገጽ ወደ ገጽ የሚያደርሰውን መንገድ በሚዘረጉበት አሠራር ውስጥ። ሜኑ ላይ ምን ይግባ፣ የትኛው ገጽ በየትኛው ሥር ይቀመጥ፣ የትኛው ጽሑፍ ወደ የትኛው ያመልክት፣ አማርኛው የራሱ አድራሻ ይኑረው አይኑረው የሚሉት ውሳኔዎች የመልክና የውበት ጉዳይ ተደርገው ለድረ ገጽ ሠሪው ይተዋሉ። የትኛው መረጃ እንደሚገኝና የትኛው ተቀብሮ እንደሚቀር የሚበይኑት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ የአርታኢና የሥራ ኃላፊ ውሳኔዎች ሊሆኑ ይገባል።

የነገሩን ሥር ለማየት ወደ መጀመሪያው መመለስ ይበጃል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጥናት፣ የአንድ ገጽ ክብደት ወደ እርሱ በሚያመለክቱ ሊንኮች ሊለካ ይችላል አሉ፤ የሚያመለክተው ገጽ ራሱ በከበደ መጠን ምስክርነቱም ይከብዳል። ስሌቱንም ፔጅራንክ ብለው ሰየሙት። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚወስደው ትምህርት ግን ግማሹን ነው፤ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ ሊንክ እንዲያደርጉ መጣር። ስሌቱ በመሠረቱ የውጭን ሊንክ ከውስጥ ሊንክ አይለይም። በጥናቱ ውስጥ የታሰበው ሰው በዘፈቀደ ሊንክ እየተጫነ ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ነው፤ በየገጹ በ85 በመቶ ዕድል ጉዞውን ይቀጥላል፣ በቀረው 15 በመቶ ደግሞ ሰልችቶት ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ይህ ምናባዊ ተጓዥ ድረ ገጻችን ውስጥ ሲገባ የሚሄድባቸውን መንገዶች የዘረጋነው እኛ ነን። እያንዳንዱ ገጽ 50 ሊንክ አለው እንበል። ከመነሻ ገጹ አንድ ክሊክ የራቀ ገጽ ከመነሻው ክብደት 1.7 በመቶ ይደርሰዋል። ሁለት ክሊክ የራቀው፣ በአንድ መንገድ ብቻ የሚደረስበት ከሆነ፣ 0.03 በመቶ ገደማ ያገኛል። ሦስት ክሊክ የራቀው የሚያገኘው ከ200 ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። እርግጥ ነው፣ በእውነተኛ ድረ ገጽ ላይ ወደ አንድ ገጽ የሚያደርሱ ብዙ መንገዶች ስለሚኖሩ ቁጥሩ እንዲህ ደርቆ አይገኝም። ነገር ግን ልዩነቱ በእጥፍ ሳይሆን በአሥርና በሺህ እጥፍ የሚቆጠር መሆኑን ያሳያል። አንድን ገጽ ከሜኑ አውጥቶ በሦስተኛ እርከን ሥር መወሸቅ ትንሽ ውሳኔ አይደለም።

ዛሬ ጎግል ደረጃ የሚሰጠው በዚህ ስሌት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ሌሎች ብዙ መለኪያዎች አሉት። ቢሆንም ኩባንያው ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መግለጫ የሊንክ ትንተናንና ፔጅራንክን እስካሁን ከሚጠቀምባቸው መሠረታዊ ሥርዓቶች መካከል ይዘረዝራቸዋል። ከዚያም ወዲህ ሐሳቡ ረቋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2004 አመልክቶ በ2010 ባገኘው የፈጠራ መብት ሰነድ ላይ፣ በዘፈቀደ የሚጫነው ተጓዥ ልብ ባለው ተጓዥ ተተክቷል፤ ሊንኩ ገጹ ላይ ያለበት ቦታ፣ የፊደሉ መጠን፣ የቃላቱ ይዘት የመጫን ዕድሉን ስለሚለውጡ ክብደቱንም ይለውጣሉ ይላል። የፈጠራ መብት ማግኘት በሥራ ላይ ማዋል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ሰነድ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ አቅጣጫ አመልካች ነው የምወስደው። በ1998ቱ ጥናት ላይ በግልጽ የተጻፈ ሌላ ነገር ግን አለ። ሊንኩ የተጻፈባቸው ቃላት ስለሚያመለክቱት ገጽ፣ ገጹ ስለራሱ ከሚናገረው የተሻለ መግለጫ የሚሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው ይላል። ይህን ይዘን የአገራችንን ድረ ገጾች ስንመለከት «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «እዚህ ይጫኑ»፣ «ዝርዝር» የሚሉ ሊንኮች ሞልተዋል። አንድ አዋጅ ያለበትን ገጽ በርዕሱ ከመጥራት ይልቅ «እዚህ ይጫኑ» ማለት፣ የባለቤቱን ምስክርነት ያለ ቃል ማባከን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአማርኛ ለተጻፉ ገጾች እንግሊዝኛ ሜኑ ማድረግ ነው፤ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ወደ እርሱ የሚመሩት ቃላት ሁሉ የባዕድ ሲሆኑ፣ በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው የሚመሰክርለት የለም።

ከደረጃ በፊት ደግሞ መገኘት አለ። የጎግል ሮቦት ገጾችን የሚያገኘው በዋናነት ሊንክ እየተከተለ ነው፤ ያውም በኤችቲኤምኤል ተራውን የሊንክ አጻጻፍ ተከትሎ አድራሻው በግልጽ የተቀመጠለትን። ቁልፍ አይጫንም፣ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ አይጽፍም፣ ከዝርዝር ውስጥ ዓመትና ቁጥር መርጦ «አሳይ» አይልም። የሰነድ ማኅደር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ግን ሰነዱን የሚያስቀምጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ቅጹን ለሞላ ይከፈታል። ለሰው ምቹ ነው ይባል ይሆናል፣ ለሮቦቱ ግን ባዶ ክፍል ነው። በጋዜጦች ዘንድ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። ዛሬ መነሻ ገጹ ላይ የነበረ ጽሑፍ በሳምንቱ ከዚያ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ እርሱ የሚያደርሰው «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ቁልፍ ወይም ወደ ታች ሲወርዱ ራሱን የሚጨምር ገጽ ብቻ ነው። ሮቦቱ እንደ ሰው ጣቱን እያንሸራተተ አይወርድም። የተቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው አድራሻ ያላቸው የማኅደር ገጾች ከሌሉ፣ ለአንድ ወር የተደከመበት የምርመራ ዘገባ ከሳምንት በኋላ ወላጅ አልባ ይሆናል። የዊኪፔዲያ አዘጋጆች ይህን ችግር በስም ያውቁታል፤ ከሌላ ጽሑፍ ሊንክ የሌለውን ጽሑፍ «ወላጅ አልባ» ብለው ምልክት ያደርጉበትና እስኪያያዝ ድረስ በጥገና ዝርዝር ውስጥ ያቆዩታል። ዊኪፔዲያ በፍለጋ ውጤት ከፊት መምጣቱን ዝናው ያስገኘለት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን በጽሑፉ መሀል፣ አንድ ጉዳይ መጀመሪያ በተነሳበት ቦታ፣ ወደሚመለከተው ገጽ ሊንክ የማድረግ ልማዱም የራሱ ድርሻ አለው። ይህ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ የአርታኢ ሥራ ነው። የትኛው ጋዜጣችን ነው አዲስ ዜና ሲያወጣ በዚያው ጉዳይ ላይ ባለፈው ዓመት ወደጻፈው ተመልሶ ሊንክ የሚያደርግ?

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቋንቋ መቀያየሪያው ጉዳይ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ከላይ በቀኝ ጥግ «አማርኛ» እና «እንግሊዝኛ» የሚል ቁልፍ አላቸው። በአንዳንዶቹ ቁልፉ ሲነካ የገጹ አድራሻ ይቀየራል፤ በሌሎቹ አድራሻው እንዳለ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ ይለወጣል፣ የጎብኚው ምርጫም በኩኪ ይያዛል። ለዓይን ልዩነት የለውም። ለፍለጋ ግን የመኖርና ያለመኖር ያህል ይራራቃሉ። የጎግል ሮቦት ቁልፉን አይነካም፤ ኩኪ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይዞ አይሄድም፤ ሲጠይቅም በምን ቋንቋ እንደሚፈልግ አይናገርም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ስለዚህ የሚያየው ድረ ገጹ በራሱ የሚከፈትበትን ቋንቋ ብቻ ነው። ያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ፣ በብዙ ድካም የተተረጎመው የአማርኛ ግማሽ ለጎግል አልተጻፈም። ጎግል ለዚህ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ አድራሻ ይኑር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተራ ሊንክ ይገናኙ፣ የአንዱ አቻ የትኛው እንደሆነም በገጹ ኮድ ውስጥ ይጠቀስ። ይህን ሳያደርጉ ጎግልን በእንግሊዝኛ ወዳድነት መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም። (የትርጉም መሣሪያ ገጹ ላይ ለጥፈው «በአማርኛም እንሠራለን» የሚሉትን አላነሳም፤ እነሱ ጋ አማርኛ ገጽ መጀመሪያውኑ የለም።)

የዚህ ጉዳይ ክብደት በውጭ ለሚኖረው ወገናችንም ይደርሳል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ተናጋሪዎቻቸው በርከት ባሉ ቋንቋዎች እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። ትርጉሙ ሲሠራ ገንዘብ ይወጣበታል፣ ባለሙያ ይደክምበታል። ወደ እርሱ የሚያደርሰው ሊንክ እንግሊዝኛ ገጽ ግርጌ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከተቀመጠ ግን በአማርኛ የምትፈልግ እናት አታገኘውም። ሰነዱ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይደረባል። ስካን የተደረገ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ፊደሉን ለማንበብ ማሽን መገመት አለበት። ቢነበብ እንኳ ፒዲኤፍ ሜኑ የለውም። በፍለጋ እዚያ የደረሰ ሰው ወደ ማመልከቻ ቅጹ ወይም ወደ ማሻሻያው የሚወስደው መንገድ አያገኝም፤ ያነበበው ሰነድ የተሻረ ይሁን የጸና እንኳ አያውቅም።

አድራሻ ካልን፣ የፊደላችን ጉዳይም ይነሳል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ የአማርኛ አድራሻ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ፓስፖርት» የሚለው አምስት ፊደል በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ 45 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ፣ ያየው ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ቢሸሽ አልፈርድበትም። ጎግል በፊደላችን የተጻፈ አድራሻን ያለችግር ያነባል፤ የሚያስቸግረው ለሰው ነው። አጭር፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ትርጉም ያለው አድራሻ መምረጥ እኔ የሚሻለኝ ነው፤ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ትርጉም የለሽ ቁጥር መስጠት ግን ከሁለቱም የከፋ ነው።

ስልክን የዘነጋ የሜኑ ውይይት ደግሞ ከንቱ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ በሚታየው መልካቸው እንደሚሆን አስታወቀ፤ ሽግግሩም በጥቅምት 2023 መጠናቀቁን ገለጸ። እንግዲህ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ውብ ሜኑ ለደረጃ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በስልክ የሚታየው ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ፍርሃት አለ። ሦስት መስመር ባለው ቁልፍ ሥር መደበቅ ሊንኩን ያቀልለዋል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ሊንኩ በገጹ ኮድ ውስጥ እስካለ ድረስ ቦታ ለመቆጠብ መታጠፉ ችግር እንደሌለው ጎግል ተናግሯል። ችግሩ ያለው ዲዛይነሩ ለስልክ «ለማቅለል» ብሎ የጎን ዝርዝሩን፣ ተዛማጅ ጽሑፎችን፣ የምድብ ሊንኮችን ጭራሽ ሲያወጣቸው ነው። በኮምፒውተር 80 ሊንክ የነበረው ገጽ በስልክ 12 ይቀርለታል፤ አለቃው ድረ ገጹን የሚያየው በቢሮ ኮምፒውተሩ ስለሆነ የጎደለውን አያስተውልም። አንባቢውም ሮቦቱም የሚያዩት ግን ያንን የተራቆተውን ነው።

«እንግዲያው ለማሽን ብለን ድረ ገጻችንን እናበላሽ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። የሚከበር ተቃውሞ ነው፤ ለጎግል ብቻ ተብሎ በቃላት የታጨቀ ሜኑ ያየ ሰው ያነሳዋል። ሆኖም የሰው ምቾትና የማሽን ምዘና የተለያዩ ናቸው የሚለው ግምት እየሳሳ መጥቷል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በጎግል ላይ በመሠረተው የሞኖፖል ክስ፣ የኩባንያው የፍለጋ ምክትል ፕሬዚዳንት ፓንዱ ናያክ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጡት ምስክርነት ናቭቡስት ስለሚባለው ሥርዓት ተናገሩ። ይህ ሥርዓት ፈላጊዎች ባለፉት 13 ወራት ከውጤቶቹ የትኛውን እንደተጫኑ እየሰበሰበ ደረጃን ለማስተካከል የሚጠቅም ነው። ዳኛ አሚት ሜህታ በነሐሴ 2024 ኩባንያው ሞኖፖል ነው ብለው ሲበይኑም፣ ከፈላጊዎች የሚሰበሰበው መረጃ ለጎግል የሰጠውን ብልጫ በሰፊው ዘርዝረዋል። ናቭቡስት የእኛን ሜኑ አያይም። የሚያየው ወደ እኛ የመጣው ሰው ምን እንዳደረገ ነው፤ ፈልጎ መጥቶ የሚፈልገውን ካጣ፣ ተመልሶ ወደ ሌላ ውጤት ይሄዳል። ያጣው መረጃ እኛው ድረ ገጽ ላይ፣ ሁለት ክሊክ እልፍ ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መንገድ ያልዘረጋለት ግን ማን ነው? እንግዲህ ለሰው የሚመች ሜኑ መሥራትና ለደረጃ መሥራት በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ሆነዋል።

በዘዴ ማታለል ይቻላል ብለው የሞከሩም ነበሩ፤ ታሪኩ አስተማሪ ነው። ጎግልና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2005 «ይህን ሊንክ አትከተል» የሚል ምልክት ሲያወጡ ዓላማው የአስተያየት መስጫዎችን ያጥለቀለቀውን ማስታወቂያ መከላከል ነበር። ብልጦች ምልክቱን በራሳቸው ሜኑ ላይ አዋሉት። «ስለ እኛ» እና «መግቢያ» የሚሉትን ሊንኮች እየዘጉ ክብደቱን ወደ ሸቀጣቸው ገጽ ለማዞር ነው። በ2009 የጎግሉ ማት ከትስ ይህ እንደማይሠራ ገለጹ፤ የተዘጋው ሊንክ ድርሻ ለሌሎቹ አይከፋፈልም፣ ይተናል። ለዓመታት የተለፋበት ጥበብ በአንድ ማብራሪያ ከንቱ ሆነ። ጃቫስክሪፕት ላይ ብቻ የተመሠረተ አሰሳም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። ጎግል በ2009 ለእንዲህ ያሉ ገጾች ልዩ የአድራሻ አጻጻፍ አቀረበ፤ የኒው ዮርኩ የድረ ገጾች አሳታሚ ጎከር በየካቲት 2011 መላ ድረ ገጾቹን በዚህ አጻጻፍ አድሶ ሲያወጣ ጃቫስክሪፕቱ በተሰናከለ ጊዜ አንባቢ ባዶ ገጽ ይጠብቀው ነበር። በ2015 ጎግል ራሱ ዘዴውን አልመክርም አለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያልተለወጠው አድራሻ ያለው፣ በሚነበብ ቃል የተጻፈ ተራ ሊንክ ነው።

«ሳይትማፕ አስገብተናል፣ ይበቃል» የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ሳይትማፕ የገጾቹን አድራሻ ሁሉ የያዘ ፋይል ነው፤ አንዱ እስከ 50 ሺህ አድራሻ ይይዛል። ጠቃሚ ነው፣ በተለይ ለትልቅና በየቀኑ ለሚታደስ ድረ ገጽ። የሚናገረው ግን ገጹ መኖሩን ብቻ ነው። የቱ ዋና፣ የቱ ተጨማሪ፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚዛመድ የሚናገረው ሊንክ ነው። ጎግል ራሱ ድረ ገጹ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም 500 ገጽ ገደማና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ገጾቹም በሚገባ ከተያያዙ ሳይትማፕ ላያስፈልግ እንደሚችል ይናገራል። ከመሥሪያ ቤቶቻችን ድረ ገጾች ስንቱ ነው ከዚህ የሚበልጥ? በሳይትማፕ መተማመን ሕመሙን ሳይነኩ ማስታገሻ መውሰድ ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው «ሁሉን ሜኑ ላይ እናውጣው» የሚለው መፍትሔም አይረዳም። 150 ሊንክ የተደረደረበት ሜኑ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያቀልላል፤ ሁሉ ዋና ከሆነ ዋና የለም። መሥሪያ ቤቱ ስለ ኃላፊው መልእክት፣ ስለ ራእይና ተልእኮው፣ ስለ መዋቅሩ ሦስት ሊንክ ከላይ አስቀምጦ ሕዝብ በየቀኑ የሚፈልገውን አገልግሎት «ሌሎች» ሥር ሲያደርግ፣ ለጎግልም ለዜጋም ዋናው እኔ ነኝ እያለ ነው። ይህ ምርጫ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ሌላ ነው። «አንባቢያችን የሚመጣው ከቴሌግራምና ከፌስቡክ ነው፣ ፍለጋ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። እውነት አለው፤ ዜና በአገራችን የሚዞረው በእነዚህ መንገዶች ነው። ይሁን እንጂ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደሚባለው፣ ቴሌግራም ያመጣውን ሁሉ ይዞ ያልፋል። ዛሬ ማለዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማታ ከመቶ መልእክት በታች ነው። ፈላጊ የሚፈልገው ግን በተለጠፈበት ሰዓት ሳይሆን ጉዳዩ በገጠመው ሰዓት ነው። ፓስፖርቱ ዛሬ ጊዜው ያለፈበት ሰው ከስድስት ወር በፊት የተለጠፈው አይደርሰውም። በቴሌግራም የሚገኝ አንባቢ አሁን ይመጣል፤ በፍለጋ የሚገኘው ለዓመታት ይመላለሳል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አዲሱ ተቃውሞ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ይዞ ይመጣል። ጎግል ከግንቦት 2024 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከውጤቶች በላይ ራሱ ያጠናቀረውን መልስ እያሳየ ነው፤ ሌሎችም ማሽኖች ጥያቄን በቀጥታ ይመልሳሉ። ሰው ገጹን ካልከፈተ የደረጃ ወግ ምን ይጠቅማል? ስጋቱ ለጋዜጦች ገቢ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ለክርክሬ ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል። እነዚህ ማሽኖች መልሱን የሚያጠናቅሩት ሊደርሱበት ከቻሉት ገጽ ነው፤ ከሮቦቶቻቸውም ብዙዎቹ ጃቫስክሪፕትን ጎግል እንደሚያስኬደው አያስኬዱም። ስለ አንድ የኢትዮጵያ ሕግ የተጠየቀ ማሽን ሕጉን ያወጣው ተቋም ገጽ በቁልፍና በቅጽ ጀርባ ተዘግቶ ካገኘው፣ ክፍት ከሆነው ከተሳሳተው ጽሑፍ ይወስዳል። ያኔ አንባቢው ምንጩን አይቶ የመጠርጠር ዕድል እንኳ አይኖረውም።

ጎግል ሊወቀስበት የሚገባ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ከዓለም ፍለጋ አብዛኛውን የያዘ አንድ ኩባንያ ሕጉን እያወጣ እየሻረ መሄዱ አደገኛ ነው። በጥር 2025 ስንት ድረ ገጽ የለፋበትን፣ ከገጹ ስም በላይ የሚታየውን የምድብ ሰንሰለት ከስልክ ውጤቶች ላይ አንሥቶታል። የተቀዳን ከዋናው የመለየት ሥራውም በአማርኛ ገና ብዙ ይቀረዋል። ጥሩ ሜኑም ባዶ ይዘትን አያነሳም፤ የታመኑ ድረ ገጾች የሚሰጡንን ምስክርነት አይተካም። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ያለው፣ ማንንም ሳንለምን ነገ ልንለውጠው የምንችለው የራሳችን ሊንክ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ለአንድ ጥያቄ በሺህ የሚቆጠሩ ጥሩ ገጾች ስለሚፎካከሩ ትንሽ ማሻሻያ ላይታይ ይችላል። በአማርኛ ግን ተፎካካሪው ጥቂት ነው፤ ከፊት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተሻለው ሳይሆን የተከፈተው ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከማንም በላይ ለእኛ ያዋጣል።

ድረ ገጽ ለማሠራት ጨረታ የምታወጡ ኃላፊዎች፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ስለ ቀለምና ስለ ተንሸራታች ፎቶ ከምትጽፉት አንድ አንቀጽ ቀንሱና አማርኛው የራሱ አድራሻ እንዲኖረው፣ እያንዳንዱ ሰነድ በስሙ በተጻፈ ሊንክ እንዲደረስበት፣ በስልክ ያለው ሜኑ በኮምፒውተር ካለው እንዳያንስ ጻፉበት። የሜኑውን ዝርዝር ከባለሙያው ጋር ተቀምጦ የሚወስን አንድ አርታኢም መድቡ። ያለው ድረ ገጽ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ባጀት አያስፈልግም፤ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል የትኞቹ ገጾች እንደተመዘገቡ፣ የትኞቹ እንደቀሩ፣ ወደ እያንዳንዱ ገጽ ስንት የውስጥ ሊንክ እንዳለ ያሳያል።